ቅዳሜ ስለሚወገዱት ነፍሳት

ለመኖሪያ ግቢያችን የጽዳትና ውበት ክፍል ክቡር ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ጎመናችንን በሕይወት ስለማቆየት

ክቡር ሆይ፣

ከጉዳዬ በፊት ጤናዎን ልጠይቅ። ባለፈው ሰሞን ያስቸገረዎት ወገብ ተሽሎዎት፣ የሚንቋቋው የቢሮዎ ወንበርም ተጠግኖልዎት፣ በመስኮትዎ የሚገባው አየር ሁሉ መልካም ወሬ ብቻ ይዞ እንዲገባልዎት ከልቤ እመኛለሁ። ከመጨረሻው ሕንፃ ጀርባ ጎመን የምንተክለው እኛ ነዋሪዎች፣ እርስዎን የመሰለ አሳቢ ስለተሰጠን ደኅና ነን፤ ጎመኑም ደኅና ነው፤ ከቅዳሜ በኋላ ስላለው የሁላችን ደኅንነት ግን ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ይህን ደብዳቤ ከራስዎ ማስታወቂያ ጎን፣ ወጪ ወራጁ በሚያየው ሰሌዳ ላይ መለጠፌ እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎት አደራ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነገረችኝ። ስብሰባው ስለምን እንደሆነ ብጠይቃት "ስለ ነዋሪዎች ተሳትፎ" አለችኝ። እኔም ተሳትፎዬ ስብሰባውን እንዳያውክ ብዬ በመጣሁበት ተመለስሁ። በማግስቱ ኮሪደር ላይ ስንገናኝ የተናገሩኝን ወደ በኋላ አነሳዋለሁ፤ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንድጀምር ይፍቀዱልኝ።

እኔ ከመጨረሻው ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር የምኖር፣ የሰብል ጥበቃ ተምሬ በቅርቡ የተመረቅሁ ሥራ ፈላጊ ነኝ። ያመለከትሁበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ልምድ ይጠይቀኛል፤ ልምዱን የሚሰጠው ሥራ ደግሞ ራሱ ልምድ ይጠይቃል። ይህን ክብ ስዞር ስዞር ራሴን ቢያዞረኝ፣ አንድ ቀን በመስኮት ቁልቁል ስመለከት፣ የተሰባበረ ብሎኬትና ጥጡ የወጣ ፍራሽ የተጣለበት ባዶ መሬት ከሕንፃችን ጀርባ አየሁ። እርስዎም አይተውት እንደነበር አልጠራጠርም፤ ፍራሹ እኔ ፊደል ስቆጥር ጀምሮ እዚያው ነበርና። ወረድሁ፣ ጎረቤት ለመንሁ፣ ፍራሹን አስነሳን፣ ብሎኬቱን የመደብ ድንበር አደረግነው፣ ጎመን ተከልን፤ ትሉም ተከትሎ መጣ። ትል የሥራ ልምድ አይጠይቅም፤ በመጣበት ቀን በቀጥታ ፈተና ላይ ያስቀምጣል እንጂ።

እናቴ መጀመሪያ ላይ ደስ አላላትም። "ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ትል ልትለቅሚልኝ ነው?" ብላ ፊቷን አጥቁራብኝ ሰነበተች። ጎመኑ ጆሮውን ዘርግቶ ማማር ሲጀምር ግን ወሬዋ ተቀየረ፤ አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር መጋረጃውን ገልጣ "ያ የልጄ ነው" ትላለች፤ ትሉንም ከእኔ በላይ የምትለቅመው እሷ ናት። ጡረታ የወጡት ፀጉር አስተካካይ ጎረቤታችን፣ ሁላችንም ጋሼ መቀስ የምንላቸው፣ ከቲማቲሙ ላይ የደረቀ ቅጠል ሲቆርጡ "ከጆሮው በላይ ላሳጥርለት ወይስ እንዳለ ይሁን?" ሳይሉ አያልፉም። ምድር ቤት ብቻቸውን የሚኖሩት እትዬ ደግሞ ውኃ ማጠጣቱን ይዘውታል። "ከዚህ በፊት ሲነጋ እንዴት አደርሽ የሚለኝ የሚንሲጠሲጠው የቤቴ በር ማጠፊያ ብቻ ነበር" ይላሉ፤ አሁን በጠዋት ወጥተው የማያገኙት ሰው የለም።

ጎመኑ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። ከሌሎቹ ሕንፃዎችም ሰዎች እየመጡ፣ ቅጠሉን ገልብጠው እያዩ፣ "እውነት ያለ መድኃኒት ነው?" ይሉኛል፤ ይህ ከተሳካ የየራሳቸውን ጓሮ እንዳስጀምራቸውም ቃል አስገብተውኛል። እኔ ልምድ የምለው ይህን ነው፤ ማኅተም የለውም እንጂ ልምድ ነው። እንግዲህ ቅዳሜ ክፍልዎ መድኃኒት የሚያስረጨው ጎመን ላይ ብቻ እንዳይመስልዎት፣ ክቡር ሆይ። ጎመኑ ከተረጨ የሚበላው የለም፤ የሚበላው ከሌለ ደግሞ "ይኸው አልሆነም" ተብሎ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል፤ እትዬም ወደ ማጠፊያቸው ይመለሳሉ።

ይህን ካስረዳሁ በኋላ ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ማስታወቂያዎ።

ባለፈው ሰኞ በየሕንፃው መግቢያ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በአድናቆት አንብበነዋል። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ "በመጪው ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ በግቢው ውስጥ የሚገኙ ነፍሳት በሙሉ ስለሚወገዱ፣ ነዋሪዎች አስፈላጊውን ትብብር እንድታደርጉ እናሳስባለን።"

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ያሰቡት ስለሚበርሩትና ስለሚድሁት ነፍሳት እንደሆነ እኔ ገብቶኛል፤ ተምሬበታለሁ። ነገር ግን በግቢያችን ነፍስ ያለው ሰውም ይኖራል። ጋሼ መቀስ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አነበቡትና "ነፍሴን የሚቀበለኝ መልአክ ነው ብዬ ስጠብቅ ጽዳትና ውበት ሆኖ አረፈው?" አሉ። እትዬ አልሳቁም፤ ገብተው ቦርሳቸውን ማዘጋጀት ጀመሩ። "እኔ ቅዳሜ የለሁም፤ ከመጡ ልጇ ቤት ሄዳለች በሉልኝ" ብለው አስጠነቀቁን። ከሁሉም ተግባራዊው ጥያቄ የሁለተኛ ፎቁ የሒሳብ መምህር ጥያቄ ነበር፤ "በየሕንፃው ነው የሚወገደው ወይስ በፊደል ተራ?" ብለው ጠየቁ፤ ተራቸውን አውቀው ፈተና አርመው ለመጨረስ ነው። ትብብር የተባለውም ቢሆን ብዙ አወያይቶናል፤ ሰው ነፍሱ ሲወገድ ከመተኛት ሌላ ምን ሊተባበር እንደሚችል አልደረስንበትም።

ለአንድ ምሽት ሙሉ ግቢውን በአንድ ደረጃ ላይ ሰብስበው በሳቅ ስላፈረሱን እናመሰግናለን። የነዋሪዎች ተሳትፎ ማለት ይህ ከሆነ ስብሰባዎ ተሳክቷል።

ሁለተኛ፤ ስለ እርማትዎ።

ሳቁ ጆሮዎ የደረሰ ይመስላል፤ በማግስቱ ከመጀመሪያው ሥር ሌላ ወረቀት ተለጠፈ፤ "'ነፍሳት' የሚለው 'ተባዮች' ተብሎ ይነበብልን" የሚል። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። እትዬም ቦርሳቸውን ፈቱ። የደነገጥሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ለምን ቢሉኝ፣ ነፍሳት ሁሉ ተባይ አይደሉማ! በቀይ ካባዋ ላይ ጥቁር ነጥብ የጣለች፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጥንዚዛ በጎመናችን ላይ ትኖራለች። ክሽክሽ የምንለውን፣ ቅጠል ሥር ተደርድሮ ጭማቂውን የሚመጠውን ደቃቅ ተባይ፣ እሷ ከነልጆቿ ቁርስና ምሳ ታደርገዋለች። ደመወዝ አትጠይቅም፣ ስብሰባ አትገባም፣ ጸሐፊም የላትም። ንቧ ባትመጣ ዱባችን አበባ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሸረሪት ደግሞ በየቅርንጫፉ መሐል መረቧን ዘርግታ የበረረውን ሁሉ ትቀበላለች። እርግጥ ሸረሪት በመጽሐፍ ከነፍሳት ወገን አትቆጠርም፤ የሚረጨው ነገር ግን መጽሐፍ አያነብም። የእርስዎንም እርማት አላነበበም።

እናም እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ስህተት የተባለው የመጀመሪያው ማስታወቂያዎ ትክክል ነበር። ቅዳሜ የሚወገዱት በእርግጥም ነፍሳት በሙሉ ናቸው። ተሳስተው እውነቱን ነግረውን ነበር፤ አርመው ደበቁብን። በሕይወቴ በእርማት የተበላሸ ትክክለኛ ማስታወቂያ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ስለ ዕድሉ አመሰግናለሁ።

ከዚህም የከፋው፣ ተባዩ ቀድሞ መመለሱ ነው። ባለፈው ዓመት የአጥሩ ዳር አበቦች የተረጩ ጊዜ ለጥቂት ሳምንት ንጹሕ ሆነው አማሩ፤ እርስዎም ቆመው ፎቶ ተነሡባቸው። ከዚያ በኋላ ግን ክሽክሹ ከነአማቹ ከነምራቱ ተጠራርቶ መጣ። ክሽክሽ ቶሎ ቶሎ ይወልዳል፤ እሱን የሚበሉት ግን ቀስ ብለው ነው የሚመለሱት። ዘበኛውን ከሌባው ጋር አብሮ ያባረረ ሰው፣ ቀድሞ የሚመለስለት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሰብል ጥበቃ መማር አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፤ ስለ ዋናው ተከሳሽ።

በቢሮዎ ደጃፍ በሸክላ የተተከሉት አበቦች ተበልተው ማየቴ አሳዝኖኛል። ይህ ሁሉ ዘመቻ የታወጀው በእነሱ ምክንያት እንደሆነም ሰምቻለሁ። በዚያ ሳልፍ ጎንበስ ብዬ አየኋቸው፤ የበላቸው ቀንድ አውጣ ነው። ጠዋት ጠዋት በሸክላው ጠርዝ ላይ የሚያብለጨልጨው ዝልግልግ መስመር የእሱ ፊርማ ነው፤ እንደ እርስዎ ፊርማ ረዥምና ጠመዝማዛ ስለሆነ አያሳስትም።

ቀንድ አውጣው ወደ ደጃፍዎ እንዴት እንደመጣ ደግሞ እኔው ልንገርዎት። እኛ ብርቱካን በልተን ስናበቃ ግማሹን ልጣጭ እንደ ትንሽ ጎጆ ደፍተን ጎመኑ ሥር እናስቀምጣለን። ቀንድ አውጣ ጥላና እርጥበት ይወዳልና ሌሊቱን ሲበላ አድሮ ሲነጋ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ እኛም ወጥተን ከነጎጆው እናነሳዋለን። መርዝ የለ፣ ጩኸት የለ። አንድ ማለዳ ግን ከእኛ ቀድመው የእርስዎ የጽዳት ሠራተኞች ደረሱ። ሥራቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ ልጣጩን ሁሉ ከነተከራዮቹ ለቅመው በባልዲ ሞልተው ወሰዱና ከቢሮዎ ጎን ካለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ አጠገብ ደፉት። ለእኔም "የምግብ ትራፊ በግቢ ውስጥ በመጣል" የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ከምረቃዬ ወዲህ ከመሥሪያ ቤት የደረሰኝ የመጀመሪያው ወረቀት ስለሆነ እናቴ መጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤ መስሏት እልል ብላ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው አበቦችዎ መበላት የጀመሩት። እንግዲህ የቀንድ አውጣዎቹን መኖሪያ ያዛወረው የእርስዎ ክፍል ነው፤ ያውም ያለ ማመልከቻ። እኔ በዚሁ ቢሮ የአንድ ውኃ ቧንቧ ፈቃድ ስጠብቅ መክረሜን ሳስብ፣ ለእነሱ የተደረገው ቅልጥፍና ያስቀናኛል።

የሚያስቀው ነገር ግን ገና ነው። ቀንድ አውጣ ነፍሳት አይደለም። ቅዳሜ የሚረጨው ደግሞ ነፍሳትን የሚገድል ነው። ስለዚህ ጥንዚዛዋ ትሞታለች፣ ንቧ ትሞታለች፣ ሸረሪቷ ትሞታለች፣ እኛም ጎመናችንን ሳንበላ እንቀራለን፤ ከግቢው ፍጥረት ሁሉ ቅዳሜን በሰላም የሚያሳልፈው ዋናው ተከሳሽ ብቻ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እሰማ ነበር፤ ዳዋው ሲመታ አይጡ ቁጭ ብሎ የሚያይበትን ግን በእርስዎ ዘመን ለማየት በቃሁ።

አራተኛ፤ ስለ ኮሪደሩ።

ኮሪደር ላይ ያገኘሁዎት ዕለት ስለ ጎመኑ ልነግርዎት አፌን ስከፍት፣ እርስዎ ቀድመውኝ የአንድ ጎረቤት አቤቱታ እንደደረሰዎት ነገሩኝ። ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ወቅጠን፣ በውኃ ዘፍዝፈን፣ አጥልለን ቅጠሉ ላይ የምንረጨው ነገር ይሸታል ተብሏል። ይሸታል፤ አልክድም። ትሉም የሚሸሸው ለዚህ ነው። እርስዎ ግን ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ለእኔው አዝነው፣ "ልጄ፣ ይኼ እኮ ያልተፈቀደ ኬሚካል ነው" አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ በየፎቁ የሚወጣውን የምሳ ሽታ እየሰማሁ በግቢያችን ስንት ሕገ ወጥ ቤተ ሙከራ እንዳለ አስቤ ተሸማቀቅሁ። እናቴ ራሷ ደረቅ ወንጀለኛ ናት፤ በየቀኑ ከሽንኩርቱ ጋር ትከትፈዋለች።

በአንጻሩ ቅዳሜ የሚረጨው ነገር ባለበት በርሜል ላይ የራስ ቅል ሥዕል አለ፤ ባለፈው ዓመት የመጣው ረጪም ከእግር እስከ ራሱ ተጠቅልሎ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ነበር። ስሙ ግን መድኃኒት ነው። በቋንቋችን የሚያድነውንም የሚገድለውንም አንድ ላይ መድኃኒት ብለን መጥራታችን ለእርስዎ ክፍል ትልቅ ውለታ ሳይሆን አልቀረም። ከታካሚው ይልቅ ሐኪሙ የሚፈራው መድኃኒት ግን እኔ በተማርሁበት ሌላ ስም ነበረው።

ከዚያ ልሄድ ስል፣ "ለመሆኑ የስንት ዓመት ልምድ አለሽ?" አሉኝ። በዓመት ከተቆጠረ የለኝም፤ ጎመኑ ገና ዓመት አልሞላውማ።

አምስተኛ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ቅሬታ በአራት ሲቆም ያላለቀ ስለሚመስል፣ የሕንፃችን ደረጃ አምፖል ከተቃጠለ መሰንበቱን በዚሁ ላስታውስዎት።

"ታዲያ አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?" ቢሉኝ፣ ማንም የሚያደርገውን ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ቅጠል እንገለብጣለን። ከጎመን ቅጠል ሥር እንደ ቢጫ ፍርፋሪ ተደርድሮ የሚታየው የቢራቢሮ እንቁላል ነው፤ ትል ከመሆኑ በፊት በአውራ ጣት ይጠረጋል፤ ያመለጠውም ትል ሲሆን በእጅ ይለቀማል። ለክሽክሹ ትንሽ ሳሙና በብዙ ውኃ በጥብጠን ቅጠሉን ከሥሩ እናጥበዋለን፤ ሳሙናው ከበዛ ቅጠሉን ስለሚያቃጥል መጀመሪያ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክሮ ማሳደር ነው፤ ጥንዚዛዋ ባለችበት ቅጠል ላይ ደግሞ አንረጭም፤ ሥራዋን ትሥራበት። በችግኙ ዙሪያ ደረቅ አመድ እናደርጋለን፤ ቀንድ አውጣ በአመድ ላይ መሄድ አይወድም፤ ዝናብ ሲያጥበው እንደገና ነው። እትዬ አሮጌ የዳንቴል መጋረጃቸውን ሰጥተውን በልጅ እግሩ ጎመን ላይ ድንኳን አድርገን ዘርግተነዋል፤ ቢራቢሮዋ መጥታ በመጋረጃው ላይ እየተንጎራደደች ወደ ውስጥ ታያለች፣ ልክ እኔ በቢሮዎ መስታወት እንደማየው፤ መግባት ግን የለም። በየመሐሉ ሽንኩርት ተክለናል፣ አበባ ተክለናል፤ አበባው ለውበት ብቻ አይደለም፣ ረዳቶቻችን የሚበሉት እንዳያጡ ነው።

ሁሉን አናጠፋም፤ ይህንም አልደብቅዎትም። የውጨኛው ቅጠል ይበሳል። እናቴ የተበሳውን እያየች ስታዝን ጋሼ መቀስ "ተይው፣ ቀማሽ የቀመሰው የንጉሥ ማዕድ ብቻ ነው፤ ትሉ በልቶ ካልሞተ እኛም አንሞትም" ብለው አጽናኗት። እኔ ከተማርሁት ሁሉ ይህን ያህል በአጭሩ የተነገረኝ የለም፤ እሳቸው ግን ይህን ከተናገሩ በኋላ በስህተት ሁለት ጤነኛ የቲማቲም ቅርንጫፍ ስለቆረጡ ብዙም አላመሰገንኋቸውም።

አሁን ቀልዱን ትቼ ልለምንዎት። ቅዳሜ የመጨረሻውን ሕንፃ ጓሮና ዙሪያውን ይዝለሉልን። ዙሪያውን ያልሁት የተረጨ ነገር ድንበር ስለማያውቅ ነው። የደጃፍዎ አበቦች ደግሞ ለእኛ ይተዉልን፤ አርብ ጠዋት እኔ፣ እናቴና ጋሼ መቀስ መጥተን ቀንድ አውጣዎቹን አንድ በአንድ በእጃችን እንለቅማለን፣ ሸክላዎቹን በአመድ እንከባለን፣ ብርቱካንም ይዘን እንመጣለን፤ ልጣጩ ለሥራው፣ ውስጡ ለእርስዎ። ካልሠራ የዚያን ጊዜ ይርጩ። ለጽዳት ሠራተኞችዎም የተደፋ ልጣጭ ሁሉ ቆሻሻ እንዳልሆነ አንድ ቃል ቢነግሩልን፣ እነሱም ከልፋት ይድናሉ፣ ቀንድ አውጣውም ከመዘዋወር ያርፋል።

እኔ ሥራ ፈላጊ ነኝ፤ አንድ ቀን የእርስዎን ወንበር የመሰለ ወንበር ላይ እቀመጥ ይሆናል፤ የሚንቋቋውንም ቢሆን አልጠላም። ያን ጊዜ አንዲት ልጅ ኮሪደር ላይ አስቁማኝ ስለ ጎመን ልትነግረኝ ብትፈልግ፣ ልምዷን ከመጠየቄ በፊት ጎመኗን ወርጄ እንዳይ እመኛለሁ። እርስዎም ከሁሉ በፊት ወርደው ቢያዩት ደስ ይለናል። ከቢሮዎ እስከ ጓሯችን ሩቅ አይደለም፤ ቀንድ አውጣው በሆዱ እየተሳበ ከማጠራቀሚያው እስከ ሸክላዎ ከደረሰ፣ እርስዎ በእግርዎ ምን ይከብድዎታል?

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሁለቱም ማስታወቂያዎችዎ፣ ለእናቴ ስለሰጧት የአፍታ እልልታም ጭምር ከወገቤ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ። ጎንበስ ማለት ለምጃለሁ፤ ቅጠል የሚታየው ከሥሩ ነውና።

የዘወትር አክባሪዎ፣ ጎረቤት "የትል ሐኪም" የሚለኝ፣ መንግሥት ገና ምንም ያላለኝ፣ በመዝገብዎ ደግሞ የምግብ ትራፊ ጣይና ያልተፈቀደ ኬሚካል ቀማሚ ተብዬ የተያዝሁ፣

ከመጨረሻው ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ሙጫ ስፈልግ፣ የዘንድሮው ረጪ ቅዳሜ የሚያልፍበትን መንገድ አስቀድሞ ለማየት ወደ ጓሯችን ብቅ አለ። ደግ ሰው ነው፤ ጎመኑን አይቶ "እንዲህ አምሮ ሳለ!" ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። የሚዘለል ቦታ እንዳለ ብጠይቀው፣ "አንድ ቦታ ብቻ" አለኝ፤ "ኃላፊው ቤት፣ በረንዳው ሥር ናና ተተክሏል። 'ልጆቼ ሻይ ውስጥ ስለሚጨምሩት በዚያ በኩል እንዳትደርስ፤ ነፋስ ካለም በአቅራቢያው ጭራሽ እንዳትረጭ' ብለውኛል።" ምን ያህል ጠንቃቃ አባት እንደሆኑ በማወቄ ልቤ ተነክቷል። እንግዲህ ስለ መድኃኒቱ ይህን ሁሉ ገጽ ያደከምሁዎት በከንቱ ነው፤ ከእኔ ቀድመው የሚያውቁ መሆንዎን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከላይ የጻፍሁትን ሁሉ ማንበብ ከከበደዎት ይተዉት፤ እኛም ቤት ልጆች ስላሉ፣ ያችን "እንዳትደርስ" የምትል አንዲት ቃል ከናናው ወደ ጎመኑ ቢያስረዝሙልን ይበቃናል።